ሃምሳ አራት ፊደል በመስመር

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን ያወቅሁት የቀብራቸውን ማስታወቂያ ስተይብ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የዕድራችን ጸሐፊ ጋሽ ደምሴ ቀራንዮ ያለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቄ ገብተው፣ «ታዴ፣ ቶሎ በልልኝ። ሃያ ኮፒ፤ ፊደሉ ከሩቅ የሚነበብ ይሁን» አሉና ብጣሽ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ ሰዓቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ጻፍኩ። ስም የምጽፈው በመጨረሻ ነው፤ ከተለጠፈ በኋላ ስለማይታረም ሦስት ጊዜ አየዋለሁ። በሦስተኛው ነው የገባኝ።

«የትኛዋ አስካለ ናቸው?» አልኩ፣ መልሱን እያወቅሁት።

«የላብራቶሪዋ ናት እንጂ! ባለ ጥርሷ። በእንቅልፏ ነው አሉ። አይ ሰው!»

መሳቢያዬ ውስጥ የእሳቸው ፖስታ ነበር፤ አሥራ አንድ ገጽ ውጤትና አንድ ገጽ ደብዳቤ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ መጥተው ሊወስዱት ተቀጣጥረን ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም። ሰኞ ዕለት እስከ አምስት ሰዓት በሩን ሳይ ቆይቼ፣ የአስኮ መንገድ ተዘጋግቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቤታቸው ግን ከመድኃኔ ዓለም ጀርባ ነው፤ እኔ ጋ ለመምጣት የአስኮን መንገድ አይረግጡትም።

መጀመሪያ የመጡ ቀን በሩን በክርናቸው ገፍተው ነው የገቡት። እጃቸው ላይ ምንም አልነበረም። በኋላ እንዳስተዋልኩት በር ሁሉ የሚከፍቱት በክርን ነው፤ ፊታቸውንም በጣታቸው አይነኩም። ዕድሜያቸውን ላብራቶሪ ውስጥ ያሳለፉ ቴክኒሺያን ነበሩ፤ እጃቸውን እንደ ተውሶ ዕቃ ነበር የሚጠነቀቁለት። ፍላሽ አወጡና፣

«ይህን አትምልኝ። በእያንዳንዱ መስመር ሃምሳ አራት ፊደል። ሃምሳ ሦስትም አይደለም፣ ሃምሳ አምስትም አይደለም» አሉ።

ፋይሉን ስከፍተው ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ ብቻ ነው። ኮፒ የሚጠብቅ አንድ የታክሲ ረዳት በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አየና፣ «እትዬ፣ ይሄ የየት አገር ቋንቋ ነው? ፊደሉ አራት ብቻ! እኔን ይሄን ቢያስተምሩኝ ኖሮ ይሄኔ ዶክተር ነበርኩ» አለ።

«ፊደሉ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ቆጠራው ነው። አሥራ ሁለት ሰው ብለህ አሥራ ስድስት የምትጭን ልጅ ይህን አትችለውም» አሉት፣ ሳይስቁ።

አተምኩላቸው። ገጹን በእርሳሳቸው ጫፍ እየነኩ ወደ ታች ሄዱና መለሱልኝ። «ቆጥረኸዋል፤ ግን አልቆመም።» ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ፈጀብኝ። እኔ የተጠቀምኩበት ፎንት ለጂ ሰፊ፣ ለቲ ጠባብ ቦታ ይሰጣል፤ ስለዚህ የላይኛው መስመር አሥረኛ ፊደል ከታችኛው አሥረኛ ፊደል በላይ አይውልም። ኮምፒዩተር የተማርኩት ብቻዬን፣ የተበላሸ እየፈታሁ ስለነበር እንዲህ ያለ ነገር እስካገኘው ድረስ አይለቀኝም። ፊደሎቹ ሁሉ እኩል ስፋት ያላቸውን ፎንት ፈልጌ እንደገና አተምኩ።

ያን ጊዜ አየሁት። በየመስመሩ መጀመሪያ ሁለት ጂ፣ ከዚያ በየዘጠኝ ፊደሉ ደግሞ ሁለት ጂ። ስድስት ጥንድ በመስመር፤ ከላይ እስከ ታች ሲደረደሩ እንደ አጥር ቋሚ ቀጥ ብለው ወረዱ።

«አጥንት እንዲህ ነው የሚጻፈው፤ ይህ የጤነኛ ሰው ነው» አሉ።

እንዲህ አስረዱኝ። ኮላጅን አጥንትን አያይዞ የሚይዝ ገመድ ነው፤ እሱ ባይኖር አጥንት እንደ ጠመኔ ይሰበር ነበር። ገመዱ ከሦስት ክር ይገመዳል፤ ክሮቹ በዶቃ የተሠሩ ናቸው። ሦስቱ የሚነካኩበት መሀል በጣም ጠባብ ስለሆነ እዚያ የምትገባው ከሁሉ ትንሿ ዶቃ ብቻ ናት። ስለዚህ ከየሦስቱ ዶቃ አንዷ የግድ እሷ መሆን አለባት። ጂ-ጂ ማለት የእሷ ትእዛዝ ነው። አንድ ቦታ ላይ አንዷ ጂ ተለውጣ ወፍራም ዶቃ ከገባች ገመዱ እዚያ ጋ ይላላል፤ ልጁም ሲያነሱት ይሰበራል።

«የኮላጅኑ ጂን ግን እንዲህ ተደርድሮ አይገኝም» አሉ። «ከሃምሳ በሚበልጥ ቦታ ተቆራርጧል፤ በየመካከሉ ወደ አጥንት የማይሄድ ረጅም ጽሑፍ አለ። ብዙው ቁራጭ ልክ ሃምሳ አራት ፊደል ነው። ጥንት አንዲት ቁራጭ ብቻ ነበረች፣ እሷ ናት ደጋግማ የተባዛችው ይላሉ።»

ሳይፈሩ የሚናገሩት ስለ ጂኑ ሲሆን ብቻ ነበር። ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ወደ ፊደሎቹ ይመለሳሉ። ባል እንደነበራቸው አውቃለሁ፤ ስሙን አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ቤታቸው ያለ ዕቃ ሁሉ፣ የጨው ብልቃጥ እንኳ፣ የተከፈተበት ቀን በእርሳስ ተጽፎበታል። ለምን በእርሳስ ስላቸው፣ «እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይሄዳል። እርሳስ ይቀራል» አሉኝ። ሌላው አባባላቸው «አንድ ጊዜ የታየ ነገር አልታየም» የሚል ነበር። ሦስት ጊዜ ያልተደገመ ውጤት ውጤት አይሉትም። እኔም የሞቱ ሰዎችን ስም ሦስት ጊዜ የማየው ከእሳቸው ወርሼ ነው።

ሰፈሩ «ባለ ጥርሷ» የሚላቸውን ምክንያት ያወቅሁት ከተዋወቅን በዓመቱ ነው። ብሩክ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። የዓይኑ ነጭ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበር። ከስምንት ወሩ ጀምሮ አጥንቱ አሥራ ስድስት ጊዜ ተሰብሮ በአሥራ አንድ ዓመቱ ሞተ። የወተት ጥርሱ ሲነቃነቅ እንደ ማንኛውም ልጅ ነቅሎ ጣራ ላይ ወርውሮ ወፏን አዲስ ስጪኝ ይላል። እሱ ሲተኛ እናትየው መሰላል አቁመው ቆርቆሮው ላይ ወጥተው ያወርዱታል። ጎረቤት ያየው ይህን ነው። ያን ጊዜ ለምን እንደሚያስቀምጡት ራሳቸውም አያውቁም፤ የልጃቸውን ነገር መጣል ስላልቻሉ ብቻ ነበር። ዘጠኝ ጥርስ፣ በዘጠኝ ትንንሽ ቱቦ፣ በእርሳስ ተጽፎባቸው ኖሩ። ዓመታት አልፈው ከደረቀ ጥርስ ጂን ማውጣት እንደሚቻል ላብራቶሪ ውስጥ ሲሰሙ ወደ ቱቦዎቹ ተመለሱ። ጡረታ ከወጡም በኋላ አለቃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ገብተው እንዲሠሩ ፈቀዱላቸው።

«ልጁ ካረፈ በኋላ ምን ይጠቅማል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አሁን ሳስበው ያልተገራ ጥያቄ ነበር።

«ለእሱ አይደለም» አሉ። «ለዘቢደር ነው።»

ዘቢደር ብሩክን የምትይዝ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እሳቸው ሥራ ውለው ሲመለሱ የሕፃኑ የግራ ጭን ተሰብሮ አገኙት። ልጅቷ «ዝም ብዬ ከአልጋ ሳነሳው ጮኸ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራትም። እትዬ አስካለ አላመኗትም። ጣቢያ ወስደው ከሰሷት።

«ያሸችው ወጌሻ ነግራኝ ነበር» አሉኝ። «‹ይሄ ልጅ አልተጣለም፣ አልተመታም፤ አጥንቱ ነው› አለችኝ። እኔ የላብራቶሪ ሰው! ወጌሻ ልታስተምረኝ? ሳቅሁባት።»

አሁን ፍላጎታቸው አንድ ነበር። የተለወጠችውን ፊደል አግኝቶ፣ በወረቀት አድርጎ፣ ዘቢደር እጅ ላይ ማኖር። አስኮ ፌርማታው ፊት ለፊት የፕላስቲክ ዕቃ እንደምትሸጥ ካወቁ ቆይተዋል። «ባዶ እጄን ሄጄ ይቅርታ ብላት ወሬ ነው። ስሟን ያጠፋሁት በክስ ነው፤ የምመልሰውም በማስረጃ ነው» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያው ሙሉ ውጤት የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። ናሙናው ወደ ውጭ ተልኮ ፊደሉ በኢሜይል ይመለሳል። አተምኩት። ስድስቱም ቋሚዎች ከላይ እስከ ታች አንድ ሳይጎድል ቆመዋል። እትዬ አስካለ ሁለት ጊዜ ቆጠሩና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«አጥንቱ ደህና ነበር ማለት ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «እንግዲህ እሷ ነበረች ማለት ነው።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው አላዘነም። ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ያህል ሌላ ሰው ሆኑ። ከረዳቱ ጋር ቆመው ይቀልዳሉ፤ አንድ ቀን እንዲያውም አዲስ ጫማ አድርገው መጡ። ቀለል ብሏቸው ነበር። 

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሩን በእጃቸው ገፍተው ገቡ። በክርናቸው አይደለም፤ በመዳፋቸው።

«የራሴን ምራቅ መረመርኩ» አሉ። «ሰው ከሰው የሚለይባቸው ጉዳት የሌላቸው ፊደሎች አሉ። ባለፈው ውጤት ላይ ያሉት ሁሉ የእኔ ናቸው። የብሩክ ቢሆን እኩሌታው የአባቱ መሆን ነበረበት። ጥርሱን ከጣራ ያወረድኩት በባዶ እጄ ነው፤ ከእጄ ጥርሱ ላይ የቀረው ጂን ከእሱ በልጦ ወጣ። ልጄ መስሎኝ የመረመርኩት ራሴን ነው።»

ውሃ ሰጠኋቸው። አልጠጡትም።

«አራት ወር ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ታዴ። አይተሃል?»

«አይቻለሁ» አልኩ።

«አየህብኝ እንግዲህ። የቀረውንም ስማ። ዘቢደርን ካሳሰርኳት በኋላ ብሩክን የምይዘው እኔው ነበርኩ። አንድ ቀን ሹራቡን ሳወልቅለት እጁን ከእጅጌው ሳብ አደረግሁ። ቀስ ብዬ ነው። ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው። የቀኝ ክንዱ ነበር። ያን ጊዜ አወቅሁ። ለጂኑ ስም አልነበረኝም እንጂ አውቄያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።»

  ከመቀመጫቸው ተነሥተው ፍላሻቸውን ያዙና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ጀመሩ። የቀሩትን ጥርሶች ላይኛ ገጽ በበረኪና አጥበው፣ ፍቀው፣ ከውስጥ ያለውን ዱቄት ብቻ ወሰዱ። አሮጌ ጂን ስለሚበጣጠስ ረጅሙን በአንድ ጊዜ ማውጣት አይቻልም፤ አጫጭሮቹን ግን ይቻላል። አንድ ቅዳሜ አንድ ቁራጭ፣ ሌላ ቅዳሜ ሁለት። እያንዳንዷ በመጣች ጊዜ አንድ መስመር እጨምራለሁ። አጥሩን ተራ በተራ እንደገና ተከልነው። መብራት በጠፋ ቀን ባዶ እጃቸውን ይመለሱና፣ «ዛሬ ቀራንዮም ጨለማ፣ እኔም ጨለማ» ብለው ያልፋሉ።

በሃያ ሦስተኛው መስመር ላይ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። አራተኛው ቋሚ ላይ፣ ጂ-ጂ መሆን ያለበት ቦታ፣ ሰው ከእናትና ከአባቱ ሁለት ቅጂ አለውና፣ በአንዱ ቅጂ ጂ-ጂ፣ በሌላው ቅጂ ኤ-ጂ ይላል። ከአጥሩ አንድ እንጨት ተነቅሎ ሌላ የገባበት ይመስላል። ጣቴን እዚያ ላይ አደረግሁ። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ አሉ። «አንድ ጊዜ የታየ ነገር አልታየም» አሉ።

ከሌላ ጥርስ ደገሙት። ያው ነው። ከሦስተኛ ጥርስ ደገሙት። ያው ነው። የአንደኛው ዓመት አባባላቸው እንግዲህ ተሟልቷል፤ እሳቸው ግን ውጤቱን ለዘቢደር አልሰጧትም። አስኮ ድረስ ሦስት ጊዜ ሄደው ፌርማታው ላይ ቆመው፣ ዘቢደር ባልዲ ስትደራርብ ከማዶ አይተው ተመልሰዋል። አንዴ ወረቀቱ ታጥፏል አሉ፤ አንዴ በአራተኛ ጥርስ መደገም አለበት አሉ፤ አንዴ ገበያ ይዛለች አሉ። እኔ ለጥንቃቄ የነበረኝ ክብር ያኔ ትንሽ ተሸረሸረ።

በመጨረሻው ሳምንት ደብዳቤውን አስጻፉኝ። የሚያነቡልኝ ከእርሳስ ደብተራቸው ነው። ሁሉም ስብራት ከነቀኑ ሰፍሯል። አንደኛው መስመር «ግራ ጭን፣ ዘቢደር ጋ» ይላል፤ ሁለተኛው «ቀኝ ክንድ፣ እኔ ጋ፣ እጅጌ»። በሁለቱ መካከል አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሳልቆጥር አላልፍም። ደብዳቤው ግን ስለ ፊደሏ፣ ስለ መስመሯ፣ ልጁ በተፈጥሮው እንዲህ እንደነበር ብቻ ያወራል።

«የእጅጌው ነገር አይገባም?» አልኩ።

«እሱ ማስረጃ አይደለም» አሉ። ደብተሩን አጥፈው፣ «እሱን በአፌ እነግራታለሁ» አሉኝ።

ከዚያ የመጨረሻዋን ጥርስ ከነቱቦዋ አውጥተው ከወረቀቶቹ ጋር ፖስታው ውስጥ አስገቡ። አልተፋቀችም፣ በበረኪናም አልታጠበችም። «ማንም የተጠራጠረ ራሱ እንዲያስመረምር። ሰኞ ሦስት ሰዓት መጥቼ እወስደዋለሁ» ብለው በክርናቸው በሩን ገፍተው ወጡ።

ከቀብሩ በአራተኛው ቀን ፖስታውን ይዤ አስኮ ሄድኩ። ወይዘሮ ዘቢደር ሳፋና ጆግ መሀል ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ወፍራም፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ማን እንደላከኝ ስናገር የያዙትን ጨርቅ አስቀመጡ።

«እትዬ? የብሩኬ እናት?»

«አርፈዋል» አልኩ። «ይህን ለእርስዎ ነው ያዘጋጁት።»

ደብዳቤውን ራሳቸው ቀስ ብለው አነበቡ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ሃያ ሦስተኛውን መስመር አሳየኋቸው፤ ከላይ ጀምሬ ቋሚውን በጣቴ እየተከተልኩ እስከ ተነቀለችው ድረስ። ጣታቸውን ጣቴ በነበረበት ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«በይቺ ነው ‹ልጅ የሰበረች› ተብዬ የኖርኩት?» አሉ። «ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራኝ። ከዚያ ወዲህ የሰው ልጅ አላቀፍኩም፤ የእህቴን ልጆች እንኳ። ያዢልን ይሉኛል፣ እጄ ይያዛል።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ይሁን። እትዬም ምን ታድርግ? ለካ ማወቂያው ገና አሁን ነው የመጣው። ሳታውቅ ነው። ነፍሷን ይማር።»

እዚህ ላይ መነሣት እችል ነበር። ሟቿ በይቅርታ ይሸኛሉ፤ ሴትዮዋም ቀለል ብሏቸው ወደ ባልዲያቸው ይመለሳሉ። ነገር ግን ያ ይቅርታ ልክ እንደ መጀመሪያው ውጤት ነበር፤ ሁሉም ቋሚ የቆመበት፣ የሌላ ሰው የሆነ ውጤት። እንዲህ ያለ ወረቀት ሰው እጅ ላይ ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም።

«እትዬ ያውቁ ነበር» አልኩ።

የእጅጌውን ነገር ነገርኳቸው። እትዬ አስካለ እንደነገሩኝ፣ ሳልጨምር። በአፋቸው ሊነግሯቸው አስበው እንደነበርም ተናገርኩ። 

«በስንተኛው ቀን ነው ክንዱ?» አሉ በመጨረሻ።

«በአሥራ ዘጠነኛው።»

ጣታቸውን አጥፈው እንደመቁጠር አደረጉና ተዉት። «እኔ ከጣቢያ የወጣሁት በአርባ ሁለተኛው ነው» አሉ። «ማስረጃ የለም ብለው ነው የለቀቁኝ።»

አንዲት ሴት ሰማያዊውን ባልዲ አንሥታ፣ «ይሄ ጠንካራ ነው? አይሰነጠቅም?» ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ ዘቢደር አልሰሟትም። ሴትዮዋ ጥቂት ጠብቃ ባልዲውን መልሳ ሄደች።

ፖስታውን ሲያነሡት ቱቦዋ ጭናቸው ላይ ወደቀች። አነሡና ወደ ብርሃን አደረጓት። ጥርሷ ቡናማ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ናት። በእርሳስ የተጻፈውን አነበቡ፦ «ታች፣ ፊት፣ ግራ።»

«ይቺን አውቃታለሁ» አሉ። «ስትበቅል ያየኋት እኔ ነኝ። እናቱ ሥራ ላይ ነበረች። ድዱን ሳሽለት ጣቴን ነከሰኝና ሳቀ።»

ከዚያ ወረቀቶቹን አስተካክለው፣ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው፣ ደብዳቤውን ከላይ አድርገው ፖስታው ውስጥ ከተቱና ሰጡኝ። አሥራ ሁለቱም ገጾች ነበሩ። ቱቦዋን ግን በመዳፋቸው እንደጨበጡ ቀሩ።